ለሞንጎሉ ጦር የሚመጥን ጠላት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት ለአባቴ የአክስት ልጅ፣ ለአጎቴ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ያወጣዎታል? እኛ ደኅና ነን። እኔ ያው ጥርስ ስሠራ እውላለሁ፤ በቀን ስድስት ሰባት ሰው ሠራሽ ጥርስ እቀርጻለሁ፤ ቀለሙንም በአፍ ውስጥ ከቀሩት ጥርሶች ጋር አመሳስላለሁ። አባዬም ደኅና ነው፤ በመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ተነሥቶ ወደ ደጅ ከወጣ ግን ወር አልፎታል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ጦርነት ነው። አይደንግጡ፣ ሰላም ነን። ወታደሮቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አንጓ አይበልጥም። በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ማኅበር አለን፤ የጥንት ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ፣ በደንብ መጽሐፍና በዳይስ እንጫወታለን። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድሳ የሞንጎል ፈረሰኞችን ለጥርስ በምጠቀምባት ቀጭን ብሩሽ ቀባሁ። ሚያዝያ 20 ቀን ትልቅ ትርኢት አለ። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ጦር ይዞ የሚመጣ ሰው ጠላቱንም ሠርቶና ቀብቶ ማምጣት አለበት። በዕለቱ ወገኑን አስቀድሞ የሚመርጠው እንግዳው ነው፤ ባለቤቱ የተረፈውን ይወስዳል። ስለዚህ ጠላትን አበላሽቶ መቀባት አይቻልም።

እንግዳዬ አባዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስጠይቀው፣

«ሞንጎሎችሽ ጥሩ ናቸው። የሚዋጉት ከማን ጋር ነው?» አለኝ።

«እንጃ፣ ከተገኘው ጋር።»

«ከተገኘው ጋር የሚዋጋማ ሰካራም ነው። ትክክለኛውን ጠላት አምጪና እቀመጣለሁ። የተሳሳተ ነገር ፊት ግን አልቀመጥም፤ በቃ!»

አጎቴ፣ ከዚያ ወንበር የሚያስነሣው ሌላ ነገር አላገኘሁም። እርስዎ የታሪክ መጻሕፍትን ሠላሳ ስምንት ዓመት ያረሙ ሰው ነዎት። በቤታችን ስምዎ እምብዛም አይነሣም፤ ከተነሣም አባዬ «እሱማ አይሳሳትም» ይላል። እባክዎ ጠላቱን እርስዎ ይምረጡልኝ።

አክባሪዎ፣ ጥርስ ሠሪዋ


ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፦

ጤና ካንቺ አይለይ፤ እጅሽም አይንቀጥቀጥ። እኔ ደኅና ነኝ። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፤ የምወርደው ግን በምርኩዝ ነው። ስልክ አለመደወልሽን አመሰግናለሁ፤ በስልክ የተነገረ ነገር አይታረምምና። የደብዳቤሽ ቋንቋ ከአምናው ተሻሽሏል። የአምናው ደብዳቤሽ ማሰሪያ አንቀጽ በሌላቸው ዐረፍተ ነገሮች ተሞልቶ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ፤ እኔም አስታውሳለሁ።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። መጀመሪያ ነገሩን የልጅ ጨዋታ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ለማንኛውም ብዬ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩና ስለ ሞንጎሎች የተጻፈውን ሁሉ አምጪልኝ ብዬ ጠየቅሁ። ባለ መጻሕፍቷ «የልጅ ልጅዎ የቤት ሥራ ተሰጠው?» አለችኝ። «የቤት ሥራው የተሰጠው ለእኔ ነው» አልኳት። እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም፤ በማግስቱም ተመለስኩ።

በቅድሚያ ሞንጎሎች የወረሩትን የኸዋረዝም የተባለውን አገር ንጉሥ መረመርኩ። ይህ ሰው ብዙ ሠራዊት ነበረው፤ ነገር ግን በየከተማው ቅጥር ውስጥ በታትኖት ራሱ ከአገር አገር ሲሸሽ ቆይቶ በአንዲት ደሴት ላይ ሞተ። ሜዳ ላይ የማይቆም ጠላት ለጠረጴዛ አይሆንም፤ አባትሽ ምን ይዞ ይቀመጣል? ቀጥሎ የጃፓንን ተዋጊዎች አየሁ። ጀግንነታቸው አያጠራጥርም፤ ይሁንና የሞንጎሎቹን መርከቦች የሰባበረው ዐውሎ ነፋስ ነው፤ ነፋስን ደግሞ ቀለም ልትቀቢው አትችዪም። ከሀንጋሪዎች ጋር የተደረገው ውጊያ ወንዝና ድልድይ ያለበት ስለሆነ ያምራል። ጠረጴዛሽ ላይ ወንዝ አለ? አንድ ፈረሰኛ ስንት ትርፍ ፈረስ ይዞ ይቆማል? ዳይሱ የሚጣለው ፍላጻው ከመወርወሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሳልረዳ አልወስንም።

በቤት ላላችሁ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አጎትሽ


ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፦

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ጊዜ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አባዬ የማይሰማ መስሎ ጋዜጣውን ይዞ ነበር፤ ነፋስን አትቀቢውም ያሉት ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ለጥያቄዎ መልስ፦ ወንዝ የለኝም፤ ኮረብታ አለኝ። ትርፍ ፈረስ አይቀመጥም፤ ሠራዊቱ ፈጣን ነው ተብሎ በደንቡ ይታሰብለታል። ፍላጻው መጀመሪያ ነው፤ ዳይሱ የሚናገረው መምታቱን ነው።

አጎቴ፣ አደራ የምልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ስሕተትን ከሰው አብልጬ የምፈራ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በቸልተኝነቱ ከማተሚያ ቤቱ እንደ ተባረረ ሰምቻለሁ። እሱ ነግሮኝ አያውቅም፤ የነገሩኝ የሰፈር ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሳልለካ አንድም ነገር አልቆርጥም። እርስዎ የመረጡልኝን ግን ሳልለካ እሠራዋለሁ።

አክባሪዎ፣ ጥርስ ሠሪዋ


ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፦

እንደ ምን ሰንብተሻል? ወስኛለሁ። የጦርሽ ጠላት ማምሉኮች ይሁኑ።

ምክንያቴን ልዘርዝርልሽ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ ሞንጎሎቹ በዚያው ሰፊ የሣር ምድር የተወለዱ ናቸው። ሞንጎሎች ምድራቸውን ሲወርሩባቸው ልጆቻቸው ተማርከው ለባርነት ተሸጡ፤ በሩቅ አገር አደጉ፤ ወታደርነት ተማሩ፤ በመጨረሻም የአገሩ ጌቶች እነርሱው ሆኑ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1260፣ ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። የፈረስ አያያዛቸው ተመሳሳይ ነው፤ የቀስት አሳሳባቸውም እንዲሁ። ባዕድ ከባዕድ ጋር ሲዋጋ ብዙ አይቻለሁ፤ የሚተዋወቁ ሲዋጉ ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል። አባትሽ በየትኛውም ወገን ቢቀመጥ አያፍርም።

የመልካቸውን ነገር እንዳትቸገሪ ከራሴ መደርደሪያ አንድ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አውርጄ የማምሉኩን ፈረሰኛ ሥዕል ፎቶ ኮፒ አስነሥቼልሻለሁ። ለብዙ ዓመት አልገለጥኩትም ነበር፤ አቧራው አስነጠሰኝ። የብረት ልብሱን ጥሩሩንም ሆነ የራስ ቁሩን እንዳለ ተከተዪ፤ አትጠራጠሪ። ከእጄ የወጣ መጽሐፍ ነው።

ሥራሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፦

እንደ ምን ከረሙ? መልስ የዘገየሁት ሥራ ላይ ስለ ነበርኩ ነው። አርባ ማምሉኮች ጨርሻለሁ። የገዛኋቸው ምስሎች ጥሩራቸው ተራ ስለ ነበር፣ በሥዕሉ መሠረት የብረት ሰሌዳውንና ሰንሰለቱን ጥርስ በምሠራበት ሙጫ አንድ በአንድ ደረብኩላቸው። ያ ሙጫ አንዴ ከደረቀ በመዶሻም አይለቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ማኅበሩ ወሰድኳቸው። ከእኛ ሁሉ በዕውቀት የሚበልጠው የማኅበራችን ሰዓት ሠሪ ማጉያውን በዐይኑ ላይ እንዳደረገ አንዱን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«እጅሽ ይባረክ፤» አለ። «ይህ ሰውዬ ግን ምን አስቸኮለው?»

«እንዴት?»

«ሰሌዳና ሰንሰለት የተጋጠመበት እንዲህ ያለ ጥሩር የሚመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነዋ! ሰውዬው ሳይወለድ ነው የለበሰው።»

ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን አለቀስኩ። አጎቴ፣ እርስዎን ለመጠራጠር አይደለም፤ ምናልባት ሰዓት ሠሪው ተሳስቶ ይሆን?

ሌላም ነገር አለ። ማታ አባዬ ፎቶ ኮፒውን ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አነሣውና ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

«ይህን ማን ላከልሽ?»

«የአክስትህ ልጅ።»

«ይህን ፈረሰኛ የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለ። «የዚህ ገጽ ግን አይደለም።»

«የየትኛው ነው ታዲያ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሱን ጠይቂው። እሱ አይደል የማይሳሳተው?»

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እኔም እንዳዘዘኝ እጠይቅዎታለሁ። ትርኢቱ ሦስት ወር አልቀረውም።

አክባሪዎ፣ ጥርስ ሠሪዋ


የካቲት 13 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እዚህ ዝናቡ ያለ ወቅቱ መጥቶ የደረጃውን መብራት አበላሽቶብናል። ባለ መጻሕፍቷ ስለ ሞንጎሎች ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት አግኝታልኛለች፤ አንደኛው የመልክተኞችን የፈረስ መለወጫ ጣቢያዎች በዝርዝር ያስረዳል፤ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

የሥዕሉ ጉዳይ ምርመራ ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ አንድ መፍትሔ ታይቶኛል። ማምሉኮቹ ሁለት መቶ ዓመት ከቀደሙ፣ ሞንጎሎቹን ሁለት መቶ ዓመት ወደ ፊት ብታመጪያቸው ነገሩ ይስተካከላል። በዚያም ዘመን ከሞንጎል ነገሥታት እንወለዳለን የሚሉ ፈረሰኞች ነበሩ። ባርኔጣቸውን ብቻ ትለውጫለሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ «አገላብጦ አየው» ካልሽ በኋላ አዲስ አንቀጽ መጀመርሽ ተገቢ ነበር።

አጎትሽ


የካቲት 26 ቀን

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፦

ጤና ይስጥልኝ።

ሞንጎሎቼን አላንቀሳቅሳቸውም። ሁለት ዓመት የፈጁብኝ ናቸው፤ ዘመናቸውም ልክ ነው።

ለአባዬ የመፍትሔዎን ሐሳብ አነበብኩለት። «አየሽ፣ አንዲት ስሕተት ከሚያምን የዓለምን ታሪክ ገፍቶ ያዛውራል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ትርኢቱ ባነሣሁ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እንደማይመጣ ገብቶኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። አባቴ ከሥራ የተባረረበት መጽሐፍ ይህ ነው? ከሆነስ ሥዕሉን እዚያ ገጽ ላይ ያዋለው ማን ነው?

ጥርስ ሠሪዋ


ሚያዝያ 2 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነ። ሰባት ረቂቅ ጽፌ ሰባቱንም ቀደድኩ፤ ሰዋስዋቸው ግን ንጹሕ ነበር።

አዎን፣ መጽሐፉ ይህ ነው።

የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ አባትሽ ለዚህ መጽሐፍ የሁለት ፈረሰኞችን ክሊሼ፣ ማለትም የሥዕል ማተሚያ ሰሌዳ፣ ሠራ፤ አንዱ የማምሉክ፣ ሌላው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የነበረ ፈረሰኛ ሥዕል ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ገጹን ሲያዋቅሩ የሁለቱን ቦታ አቀያየሩት። የመጨረሻው ማረሚያ ወረቀት ወደ እኔ መጣ። ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አረምኩ፤ ሥዕሎቹን ግን አላየኋቸውም። ፈረምኩ።

የማተሚያው መኪና ሊነሣ ሲል አባትሽ እጁን በሽርጡ እየጠረገ እየሮጠ መጣ። በማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሚጠሩኝ በቅጽል ስሜ ነበር፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ሌላ ነገር አይከተልም ለማለት። «አራት ነጥብ! ፈረሰኞቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አስቁምልኝ!» አለኝ። ለማስቆም ፊርማዬን መሰረዝ ነበረብኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው ያዩን ነበር። «ከፈረምኩ በኋላ ስሕተት የለም። ሂድና ሻይህን ጠጣ» አልኩት። ስድስት ሺሕ ቅጂ ታተመ።

ከትምህርት ቤቶች አቤቱታ ሲመጣ ኮሚቴ ተቀመጠ። አባትሽ አስቀድሞ ነግሮህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። «አላስታውስም» አልኳቸው። አስታውስ ነበር። በሽርጡ ላይ የነበረውን የቀለም እድፍ እንኳ ዛሬም አስታውሳለሁ። ጥፋቱ በክሊሼው ሠሪ ላይ ወደቀ፤ እርሱ በቸልተኝነት ተባርሮ ወጣ፤ እናንተን ይዞ አገር ለቀቀ። እኔ በክብር ጡረታ ወጣሁ።

ያንን ገጽ አውቄ ልልክልሽ አልችልም ነበር፤ ይህን እመኚኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት የለም ብዬ ለራሴ ስደጋግም ኖሬ በመጨረሻ ራሴን አሳመንኩት። አንቺም ያንን ሙጫ በአርባ ሰው ላይ የደረብሽው እኔን አምነሽ ነው።

የማተሚያ ቤቱ ጡረተኞች በወር አንድ ጊዜ እንሰበሰባለን። ባለፈው እሑድ ተነሥቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያም ሸምግሎ ጆሮው የደከመው ፊደል ለቃሚ፣ «እኛማ እናውቅ ነበር እኮ፤ መቼ ነው የሚነግረን እያልን ነበር የምንጠብቅህ» አለኝ። ተቀመጥኩ። የሚታረም ቃል አልነበረውም።

አባትሽ ቸልተኛ ሰው አልነበረም። ከሁላችን ይልቅ ጠንቃቃው እርሱ ነበር። ይህን ደብዳቤ ልታነቢለትም ልትተዪውም ትችያለሽ፤ በዚህ ጉዳይ የምመርጠው እኔ አይደለሁም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 24 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፦

እንደ ምን አሉ? ደብዳቤዎን መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብኩት። በጣም ተናደድኩብዎ፤ አሁንም አልበረደልኝም፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ከዚያ ለአባዬ አነበብኩለት። ሲያልቅ «አላስታውስም ያለበትን ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «አስታውስ ነበር ያለበትንም።» ያንንም ደገምኩለት። ለአራት ቀን ስለ ሌላ ነገር ብቻ ተነጋገርን።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ አገኘሁት። «እነዚያን ማምሉኮች በጥጥ ጠቅልያቸው፤ እንዳይሰበሩ» አለኝ።

«አባዬ፣ ጥሩራቸው እኮ ስሕተት ነው። አልቀመጥም ብለህ ነበር።»

«ስሕተት ነው፤ ግን ባለቤት አገኘ። እኔ የጠላሁት ሜዳ ላይ የወደቀውን ስሕተት ነው።»

በትርኢቱ ዕለት «ጥሩሩ ዘመኑን በሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል» የሚል ካርድ ጠረጴዛው ላይ አቆምን። አባዬ እንግዳ ነበረና ወገኑን መረጠ፤ ማምሉኮቹን ወሰደ። ሰው ከበበን። አጎቴ፣ እንዴት እንደሚጫወት ቢያዩት! ዳይሱን በጨበጠ ቁጥር ይተፋበታል፤ የማኅበራችንን አባል አውቶቡስ ሹፌሩን «አንተ አትንካ፣ እጅህ ናፍጣ ነው!» ብሎ ይቆጣዋል። በአራተኛው ዙር መካከል ላይ የነበሩት ፈረሰኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ኮረብታው መሸሽ ጀመሩ። ልከተላቸው እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የምትከተዪኝ? የእኔና ያንቺ ጠብ ምንድን ነው?»

«ታዲያ ማን ይከተልህ?»

«ጻፊለት። ሞንጎሎቹን እሱ ይውሰድ። ተራው የእሱ ነው።»

ጠረጴዛውን ሳንበትን እንዳለ በሹፌሩ አውቶቡስ ጭነን ወደ ቤት አመጣነው፤ አሁን ሳሎኑን ሞልቶ ተቀምጧል። እራት የምንበላው ቆመን ነው። የሠራዊቱን አቀማመጥ አባዬ በእጁ ስሎ ከዚህ ጋር ልኮልዎታል። ደብዳቤ ጨምርበት ስለው «ሥዕሉ ይበቃዋል፤ ዘንድሮ ያየው ይሆናል» አለኝ።

ጥርስ ሠሪዋ


ግንቦት 8 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፦

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ለአንተ ከጻፍኩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነኝ አጀማመሩን አላውቅበትም። በድዬሃለሁ። ይህን ለልጅህ ጽፌዋለሁ፤ ለኮሚቴው መናገር በነበረብኝ ቀን አልተናገርኩትም፤ አሁን ለአንተ ለራስህ እጽፈዋለሁ።

ሥዕልህን ሦስት ቀን ሙሉ አየሁት። እያንዳንዱን ፈረሰኛ ቈጠርኩ፤ ስድሳው የእኔ፣ በሜዳው ላይ የሚሸሹት ዐሥራ ስምንቱ የአንተ ናቸው። የቀሩት ሃያ ሁለቱ በሥዕሉ ላይ የሉም። የት እንዳሉ አልጠይቅህም።

ባለ መጻሕፍቷ ያመጣችልኝ መጻሕፍት በሌላው ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የማምሉኮቹ ሽሽት ማታለያ እንደ ነበር፣ የሞንጎሉም አለቃ ጥፋት ወደ ኮረብታው መከተሉ እንደ ነበር ይናገራሉ። አስተዋይ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ክንፎቹን ይሰበስባል፤ ይጠብቃል። ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

እንቅስቃሴዬ ይህ ነው፤ ልጅህ በእኔ ምትክ ታንቀሳቅስልኝ። ስድሳውንም ፈረሰኛ፣ አንድም ወደ ኋላ ሳላስቀር፣ ወደ ኮረብታው እከተልሃለሁ።

የአክስትህ ልጅ